ደሜን አትንኩ

ያን ቀን መዶሻውን የወረወረው እሱ ነበር ወይስ መርፌው?

መዶሻው ከጆሮዬ አንድ ስንዝር ርቆ አለፈና ከኋላዬ ያለውን የቆርቆሮ ግድግዳ ሰነጠቀው። የብየዳ ሱቁ በሙሉ ጮኸ። ምስማር ላይ ተሰቅለው የነበሩ የበር ማጠፊያዎች ረገፉ።

«ውጪልኝ!» አለ። «ሳልገድልሽ ውጪልኝ!»

አልወጣሁም። እግሬ ከወለሉ ጋር የተበየደ ይመስል ቆሜ ቀረሁ። እሱም ቆመ። ቀኝ እጁን ወደ ፊቱ አምጥቶ የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው አገላብጦ አየው። ከዚያ የብረት ብናኙ ላይ ቁጭ አለ።

«ዶክተርዬ፣ መታሁሽ እንዴ?»

«አልመታኸኝም።»

«ልመታሽ ነበር?»

ዝም አልኩ። አላውቅም ነበርና። እሱ ግን ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው፤ ፊቱን በቆዳ ጓንቱ ሸፍኖ ትከሻው እስኪናጥ አለቀሰ።

ዶክተር የሚለኝ ለማሾፍ ነው። ሰው አክሜ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሩቅ አገር ስለ ዘረመል ተምሬ የተመለስኩ፣ በአንድ ሆስፒታል ቤተ ሙከራ የምሠራ ሴት ነኝ። ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል፤ ምንም ነገር ማመንም እንዲሁ። በር ቆልፌ ከመንገድ ተመልሼ እነካካዋለሁ። ሰው ቢያመሰግነኝ ማስረጃ እፈልጋለሁ። እማዬ «ልጅ ልኬ መርማሪ ፖሊስ መለሱልኝ» ትላለች።

የምንሠራው ጥናት ኤችአይቪም ሄፓታይተስ ሲም አብረው ስላሉባቸው ሰዎች ነበር። ሄፓታይተስ ሲ ጉበትን ቀስ ብሎ የሚበላ ቫይረስ ነው፤ ኤችአይቪ ሲጨመርበት ይፈጥናል። ያኔ የነበረን ሕክምና ለአርባ ስምንት ሳምንት በየዓርቡ የሚወጋ መርፌና በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ነው። አንዱን ያድናል፤ ሌላውን አሠቃይቶ ብቻ ይተወዋል። ለምን? ከምክንያቶቹ አንዷ ከእናትና ከአባት የምንወርሳት አንዲት የዘረመል ፊደል ናት። በእኛ ማሽን ላይ ጥሩዋ ፊደል ሰማያዊ፣ ክፉዋ ቀይ ሆና ትታያለች። ከሁለቱም ወላጆቹ ሰማያዊ የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ ይድናል። ከሁለቱም ቀይ የደረሰው ዕድሉ ጠባብ ነው። ጠባብ ነው እንጂ የለም አይደለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ እኔ በምትፈለግበት ቀን ዋጥኳት።

ሕጋችን አንድ ነበር። ሕክምናው እስኪያልቅ የፊደሏን ውጤት ለታካሚም ለሐኪምም አንነግርም። «ቀይ ነህ» የተባለ ሰው መርፌውን ጥሎ ይሄዳልና።

በያጁ መጀመሪያ ወደ ቤተ ሙከራችን የመጣው የጋዝ ሲሊንደሮቹ የሚታሰሩበትን ብረት ሊጠግን ነው። ሥራውን ሲጨርስ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣ። የጥናታችን ካርድ ነው። ቁጥር አርባ አንድ።

«እኔም የናንተው ነኝ» አለ። «የተማረ ይግደለኝ ብዬ ደሜን ሰጥቻችኋለሁ።»

ሳቅኩ። በሽታው ከየት እንደያዘው ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ‹ተመስገን፣ እኔ እንደሱ አላደረግኩም› ብሎ ሊጽናና ነው የሚጠይቀው። አንቺም መጽናናት አማረሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አይኑ ግን እየሳቀ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤተ ሙከራችን ያልተሰበረ ብረት ጠፋ። ወንበር አጣመምኩ፣ የመደርደሪያ ብሎን አላላሁ፤ እሱም እየመጣ ያቀናዋል። «ይቺ ወንበር ባለፈው ሳምንትም ታማ ነበር» ይለኛል ሳያየኝ። «ልብ ድካም ሳይኖርባት አይቀርም።»

ስልክ አይወድም፤ ደብዳቤ ነው የሚጽፈው። የሚጽፈውም ብረት በሚያለሰልስበት የብርጭቆ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። አንዱ ገጽ ጣት ይልጣል፣ ሌላው ገጽ የእጅ ጽሑፉን ይዟል። «እጄን አቆሰለኝ» ብዬ ብልክበት «እንደኔው ነው፤ በትክክለኛው በኩል ያዢው» ብሎ መለሰልኝ። ሁሉንም ቤት ባለው መሳቢያዬ አስቀመጥኩ።

እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን እንደማይገባ አውቃለሁ። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደጉኝ፣ ሩቅ አገር ልከው ያስተማሩኝ ወንድም ጋሼ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ናቸው። በያጅ ይቀጥራሉ እንጂ እህታቸውን ለበያጅ አይሰጡም። የታላቅ ወንድም ነገር ሆኖ ከልጅነቴ ጀምሮ «እርስዎ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ስለ ቁጥር አርባ አንድ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?

መርፌው ግን የኛን ፍቅር አልጠበቀም። ዓርብ ይወጋል፤ እስከ እሑድ ትኩሳቱ ጥርሱን ያንቀጫቅጨዋል። ፀጉሩ በእፍኝ ይወጣ ጀመር። ቀበቶው ላይ በየሳምንቱ አዲስ ቀዳዳ በምስማር ይበሳል። ይህን ሁሉ በቀልድ ያልፈው ነበር። ያላለፈው ቁጣውን ነው። ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ይወጣው ጀመር። አንድ ደንበኛ «ቀለሙ አላማረኝም» ስላለ የሠራለትን በር በመጋዝ ለሁለት ከፈለው። ጎረቤቱን አናጢ ጉሮሮውን አንቆ ከግድግዳ አጣበቀው፤ ሰው ነው ያላቀቃቸው። የጥናቱ ነርስ ሲስተር «መርፌው ነው፣ ከውስጥ ያቃጥላቸዋል» አለችኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ወንድ ሁሉ ሲቆጣ የሚያመካኝበት ነገር አያጣም፤ እኔ ደግሞ የምጠራጠር ሴት ነኝ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት መዶሻው መጣ።

ያን ቀን ልቅሶው ሲወጣለት የጓንቱን ጫፍ እያኘከ ለመነኝ።

«አንድ ቃል ንገሪኝ። ይሠራልኛል ወይስ አይሠራም? የሚሠራ ከሆነ አብጄም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። የማይሠራ ከሆነ ግን ምን በወጣኝ አንቺን ልግደል?»

«ሕጉ አይፈቅድም።»

«ሕጉ መዶሻ ተወርውሮበታል?»

ከሱቁ ስወጣ የተሰነጠቀው ቆርቆሮ በነፋስ ይጮህ ነበር፤ ድምፁ እስከ ሆስፒታሉ በር ተከተለኝ።

በማግስቱ የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ ቁጥር አርባ አንድን ከማቀዝቀዣ አወጣሁ። ናሙና የምንከተው ዘጠና ስድስት ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ነው። የሱን በመጀመሪያው ጉድጓድ ጨመርኩ። በመጨረሻው ጉድጓድ ደግሞ ቀይ መሆኑ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ከተትኩ፤ ማሽኑ እውነት መናገሩን የምናረጋግጠው በዚህ ነው። ኮሪደር ላይ የጫማ ድምፅ ስሰማ ሳህኑን በጥድፊያ ማሽኑ ውስጥ አስገባሁት።

ሁለት ሰዓት ቆይቶ የመጀመሪያው ጉድጓድ በራ። ቀይ።

ሩቅ አገር ሳለሁ ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ በኛ ሰው ዘንድ ቀይዋ ፊደል እንደምትበዛ ይናገራሉ። ስለዚህ አልተጠራጠርኩም። በር ሁለቴ የምቆልፈው እኔ፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ያየሁትን አመንኩ። አይኔን እንባ ስለሞላው ማሽኑን ዘጋሁ። ማረጋገጫውን አስቀምጬ ማረጋገጫውን አላየሁም።

«ቀይ ነው» አልኩት ሱቁ በር ላይ ቆሜ። «ጠባብ ነው እንጂ የለም አይደለም» ማለት ነበረብኝ። መዶሻውን አሰብኩና ተውኩት። ለሱ ማዘኔ ይሁን ለራሴ መፍራቴ አላውቅም።

ፊቱ አልተለወጠም። ከሁለት ቀን በኋላ ደብዳቤ ላከ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ደሜ ድሮም ታዞኝ አያውቅም። የቀረኝን ጊዜ ሰው ሆኜ ካንቺ ጋር ልኑረው።»

ተከታዮቹ ሦስት ሳምንታት ከሕይወቴ የተሻሉት ናቸው፤ ይህን መናገር አሁን ያመኛል። መርፌው ከደሙ ሲወጣ እሱ ተመልሶ መጣ። አናጢውን ይቅርታ ጠይቆ ለቤቱ መስኮት በነፃ ሠራለት። ማፏጨት ጀመረ። የተሰነጠቀውን ቆርቆሮ ጠገነና በላዩ ላይ ከቁርጥራጭ ብረት ትንሽ ጆሮ ሠርቶ በየደበት። «ይቅር እስክትለኝ እዚህ ትቆያለች» አለኝ። አንድ ቀን ጓንቱን አውልቆ እጄን ያዘ።

«ወንድምሽን ላነጋግራቸው።»

«ይገድሉሃል።»

«እሺ፣ የተማረ ይግደለኝ።»

«እሳቸው አልተማሩም፤ ያስተማሩ ናቸው።»

በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ቤተ ሙከራው በር ላይ ጠበቀችኝ።

«የኔ እህት፣ ያንቺ አርባ አንድ የት ገባ?»

«ያንቺ» ስትል አንገቴ ጋለ።

«ሦስት መርፌ ቀርቷል» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ነገ አራተኛው ነው። ነገም ከቀረ ከጥናቱ ይሰረዛል፤ መድኃኒቱን ደግሞ ከኛ ሌላ የትም አያገኘውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ እስቲ እይው።»

ወረቀት ሰጠችኝ። ሌላ ከተማ ተልኮ የቆየው የአራተኛ ሳምንት የደሙ ውጤት ነው። ሕክምና ሲጀምር በሚሊዮን የሚቆጠር የጉበት ቫይረስ ነበረው። በአራተኛው ሳምንት፣ ምንም አልታየም።

«እየዳነ እኮ ነበር» አለች ሲስተር። «ምን ሰይጣን ነው ያስቆመው?»

ቀይ የሆነ ሰው እንዲህ ፈጥኖ የሚጸዳው እጅግ ጥቂቱ ነው። ሮጬ ማሽኑን ከፈትኩ፣ የዚያን ቀን ፋይል አወጣሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ቀይ። ወደ መጨረሻው ወረድኩ። ሰማያዊ። ቀይ መሆኑን ዓለም የሚያውቀው ናሙና ሰማያዊ ሊሆን አይችልም። የቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ የደበቅኩትን ሳህን አውጥቼ ከማሽኑ ጋር ሳስተያየው ጉዳዩ ተገለጠልኝ። አቅጣጫውን ለማሳየት የተቆረጠው ጠርዙ ወደ ግራ መዋል ሲገባው፣ በችኮላ አዙሬ አስገብቼዋለሁ። መጀመሪያ ያልኩት መጨረሻ፣ መጨረሻ ያልኩት መጀመሪያ ነበር። ቀዩ የሌላ ሰው ነው። ሰማያዊው የሱ ነው። ከእናቱም ሰማያዊ፣ ከአባቱም ሰማያዊ።

ሊያድነው የነበረውን መርፌ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ።

ስልኬ ጮኸ። እማዬ ናት።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሻካራ ወረቀት ምንድነው? ወንድምሽ ከመሳቢያሽ የቤቱን ሰነድ ሲፈልግ አገኘው። የጸሐፊውን ሱቅ ስም ሳይቀር አንብቦ ፊቱ ጠቆረ። ሁለት ሠራተኛ ይዞ ወጥቷል።»

ስደርስ የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ሁለት ጡንቸኞች የበያጁን ክንዶች ወደ ኋላ ጠምዝዘው ይዘዋል። ወንድም ጋሼ ለኔ የተጻፈውን ደብዳቤ በመዳፋቸው ይዘው፣ ሻካራውን ገጽ ጉንጩ ላይ እየጫኑ ይፍቁታል። እንደ ዝገት። ጉንጩ ተልጦ ደም ያዥ ነበር።

«በዚህ ነው ለእህቴ የጻፍከው? በዚህ? ቆሻሻ! ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኳትን ልጅ!»

«ጋሼ፣ ይተዉት!» ብዬ ተጠመጠምኩባቸው። በክርናቸው ደረቴን መቱኝና ከብረት ክምሩ ላይ ወደቅኩ።

በያጁ ስወድቅ ያየ ጊዜ አንድ ክንዱን መንጭቆ አስለቀቀ። ከጠረጴዛው ላይ ክንድ የሚያህል ፌሮ አንስቶ ከወንድሜ ራስ በላይ ሰቀለው። ሁሉም ነገር ቆመ። ወንድም ጋሼ አይናቸውን ጨፈኑ። በያጁ ወደኔ ተመለከተ። ቁጣው ፊቱ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ከቁጣው በላይ ነበር። ፌሮውን ቀስ አድርጎ፣ ዕቃ ወደ ቦታው እንደሚመልስ ሠራተኛ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ወንድም ጋሼ አይናቸውን ገለጡና አፉን በቡጢ መቱት። ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ። ሁለቱ ሠራተኞችም ወረዱበት፤ በእግር፣ በጡጫ። እሱ ከመሬት ሆኖ፣ ራሱን ሳይሆን እጆቻቸውን እያየ መጮህ ጀመረ።

«ደሜን አትንኩ! እጃችሁን አርቁ! በሽታ አለብኝ፤ ኤችአይቪም ጉበትም! ደሜን አትንኩ!»

እንደ እሳት የነካቸው ተፈነጠሩ። አንደኛው በሩን ጥሶ ወጣ፤ ሌላው ተከተለው። ወንድም ጋሼ ቡጢያቸውን ተመለከቱ። መሐል ጣታቸው አንጓ ላይ ጥርሱ ቀዶታል፤ የሁለቱም ደም አንድ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይታጠቡት፣ ጋሼ» አለ በያጁ፣ ደም እየተፋ። «ውሃው እዚያ ጋ ነው። በሳሙና። አይጭመቁት፣ ዝም ብለው ያፍስሱበት።»

ያኔ መልሴን አገኘሁ። መዶሻውን የወረወረው መርፌው ነበር። ፌሮውን ያስቀመጠው እሱ ነው። ወንድሜ ግን ምንም መርፌ አልተወጋም።

«ተው ባይ የሌለህ! እንግዲህ ግደለው!» አልኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም፤ ባልዲው ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን ያጥባል።

በያጁ አጠገብ ተንበረከክኩ። ልነካው ስል ጓንቱን አንስቶ ከለከለኝ።

«ስማኝ» አልኩት። «ተሳስቻለሁ። ቀይ አይደለህም፣ ሰማያዊ ነህ። ሳህኑን አዙሬ አስገብቼው ነው። መርፌው ሠርቶልህ ነበር፣ እየዳንክ ነበር። ነገ ግን የመጨረሻው ቀን ነው፤ ነገ መወጋት አለብህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አንድ አይኑ አብጦ ተከድኗል።

«መቼ ነው እውነቱን የነገርሽኝ?» አለ። «ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?»

«አሁን!»

«ያን ጊዜም እንደዚሁ እርግጠኛ ነበርሽ።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ወንድሜ ከኋላዬ ልብሴን ያዘ። ያ ሁሉ ቁመቱ የት እንደሄደ እንጃ። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«እህቴ፣ መሞቴ ነው እንዴ? አንቺ ታውቂያለሽ። ሆስፒታል ውሰጂኝ። ልጆች አሉኝ እኮ። እባክሽ፣ እህቴ!»

አባታችን የሞቱ ለታ እንዲህ አድርጎ እጄን ይዞ ነበር፤ ያኔ እሱ ነበር የሚያጽናናኝ። በያጁ ለስድስት ዓመት የኤችአይቪ መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳያጎድል ወስዷል፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ መታየት ካቆመም ቆይቷል። የወንድሜ አደጋ ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ። ለሲስተር ደውዬ እሱን እንድትቀበለኝ ማድረግ እችል ነበር። አልደወልኩም።

«አሁን መጣሁ» አልኩት በያጁን። «ከዚህ እንዳትነቃነቅ።»

የሚደማውን ሰው መሬት ላይ ትቼ፣ ያደማውን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ዞር ስል አይኑ እኔ ላይ አልነበረም። ቆርቆሮው ላይ የበየዳትን ጆሮ ነበር የሚያየው።

ሁለት ሰዓት ቆይቼ ተመለስኩ። በሩ ተዘግቷል። ቁልፍ አልነበረውም፤ በያጅ ነው፣ ሁለቱን የብረት መዝጊያዎች ከላይ እስከ ታች በይዷቸዋል። መዳፌን አሳረፍኩበት። የብየዳው ስፌት ገና ይሞቅ ነበር። አናጢው ከሱቁ ብቅ ብሎ «ቦርሳ ይዞ ሄደ» አለኝ። «ወዴት ብለው ‹የተማረ የሌለበት› አለኝ።» ሊቀልድ ሞክሮ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ዓርብ ሲስተር መርፌውን ከማቀዝቀዣ ሳታወጣ ጠበቀችልኝ። የሠራሁትን ሁሉ ነግሬያታለሁ፤ ለአለቆቼም ጥፋቴን ያመንኩበትን ደብዳቤ አስገብቻለሁ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የምችለው» አለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም። በዘጠኝ ሰዓት፣ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ በስልኬ ጻፍኩ። ወንበሩ እግሩ ይወላገዳል፤ ከቤተ ሙከራችን የመጣ፣ እኔ ያጣመምኩት ነው።

«ሰማያዊ ነህ። ሁለት ጊዜ አይቼ፣ ማረጋገጫውንም አይቼ ነው። ስህተቱ የኔ ነው፤ ትናንት መሄዴም ስህተት ነው። መርፌው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይጠብቅሃል። ከዚያ በኋላ ቁጣው ይመጣል፣ አውቃለሁ። እኔም አለሁ። አልፈራህም። መዶሻህን ይዘህም ቢሆን ና።»

ላክሁት።

ስልኬ «ደርሷል» አለ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ስልኬ እስከ ዛሬ የሚለው ይህንኑ ብቻ ነው።